ሕንፃው ከየት ይሰበራል? የመሬት መንቀጥቀጥን የሚቋቋም ግንባታ ለተማሪዎች ስናስተምር

ይህን ትምህርት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያስተማርኩት በውድድር ነበር። ልጆቹ በቡድን ሆነው ከስንጥርና ከኮላ ሕንፃ ይሠራሉ፣ ሰሌዳ ላይ አስቀምጠን እንነቀንቀዋለን፣ እስከ መጨረሻው የቆመው ያሸንፋል። ክፍሉ ይሞቃል፣ ጩኸቱ ኮሪደር ድረስ ይሰማል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ያሸነፈው ቡድን መጋጠሚያውን ሁሉ በኮላ ደፍኖ ጡብ የመሰለ ነገር ነበር ያመጣው። ዕቃ ስንሰበስብ አንዲት ተማሪ ጠጋ ብላ «እንግዲያው ቤት ሲሠራ ዋናው ነገር ሲሚንቶ ማብዛት ነው?» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ያስተማርኳቸው የተገላቢጦሹን እንደሆነ ገባኝ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሕንፃው ላይ የሚያርፈው ኃይል የሚመነጨው ከራሱ ክብደት ነው። የከበደ ሕንፃ ራሱን የሚመታበትን ዱላ አብሮ ያከብዳል።

ከዚያ ወዲህ ውድድሩን ትቼዋለሁ። አሁን እያንዳንዱ ቡድን ሕንፃው ከመነቅነቁ በፊት በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቦታ ያከብባል፤ «መጀመሪያ የሚሰበረው እዚህ ነው» ይላል፤ ለምን እንደሆነም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ቦታውን ለገመተ አንድ ነጥብ፣ ከተሰበረ በኋላ ምክንያቱን በትክክል ላስረዳ ሦስት ነጥብ። መውደቅም ሆነ መቆም ነጥብ የለውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ልጆቹ ይህን ግምት በማስተዋል እንዲገምቱ ለማድረግ ነው። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 16 ለሆኑ ልጆች አምስት ክፍለ ጊዜ ይወስድብኛል።

መነቅነቂያው ሰሌዳ

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ኮምፔንሳቶዎች፣ መጠናቸው እኩል የሆነ 10 ብይ፣ አራት ላስቲክና እጀታ የሚሆን ዘንግ ይበቃሉ። ብዮቹ እንዳያመልጡ በታችኛው ሰሌዳ ዙሪያ ከብዩ ቁመት ያነሰ ቀጭን ጠርዝ ይመታል። ብዮቹ ይደረደሩና ላይኛው ሰሌዳ ይጫንባቸዋል። ላስቲኮቹ አራቱን ማዕዘን ከታችኛው ጋር ስለሚያያይዙ ሰሌዳው በተገፋ ቁጥር ወደ መሃል ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ማገጃ አትርሱ። እኔ ያለ ማገጃ ስሠራ አንዱ ልጅ በቀስታ ይገፋል፣ ሌላው እንደ ወንፊት ይነፋዋል፣ ከዚያ «የኛን አብዝተህ ነቀነቅከው» የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። አሁን በሁለቱ ጫፍ እንጨት መትቼ ሰሌዳው በጠቅላላው 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ። ምቱን ደግሞ ስልክ ላይ ባለ ሜትሮኖም እንቆጥራለን። በዚህ መንገድ ሁሉም ሕንፃ እኩል ይፈተናል።

ማገጃው ሂሳብም ያስተምራል። ሰሌዳው ከመሃል ወደየጎኑ 1.5 ሳንቲ ሜትር እየሄደ በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢመላለስ ከፍተኛው ሽምጠጣ (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን) ከመሬት ስበት ሽምጠጣ 6 በመቶ ገደማ ነው። በሰከንድ ሁለት ጊዜ ሲሆን 24 በመቶ፣ ሦስት ጊዜ ሲሆን 54 በመቶ ይደርሳል። ምቱ እጥፍ ሲፈጥን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎች ይህን ራሳቸው አስልተው እንዲያገኙት ተዉአቸው፤ ያገኙትን አይረሱትም።

ስለ ፍርሃትም ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ሰሌዳው መንኳኳት ሲጀምር ከፊት የተቀመጠ ልጅ ተነስቶ በሁለት እጁ ጭኖ አስቆመው። ምንም አልተናገረም። በኋላ እንደሰማሁት ትንሽ ልጅ ሳለ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶበት ነበር፤ የረበሸው ያየው ነገር ሳይሆን የዕቃው መንኳኳት ድምፅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንደምንሠራ ከአንድ ቀን በፊት እናገራለሁ፣ መቅረት የሚፈልግ ይቀራል፣ «በቃ» ካለ ደግሞ ማንም ቢሆን ሰሌዳው ወዲያው ይቆማል። ያ ልጅ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እጀታውን ራሱ እንዲይዝ ጠየቅሁት፤ እስከ መጨረሻው የነቀነቀልን እሱ ነው። የወደቁ ሕንፃዎችን ፎቶ ስታሳዩም ምሰሶና ግድግዳ የሚታይበትን ምረጡ። ሰው የሚታይበትን ተዉት።

ማንም ሳይገፋው ለምን ይወድቃል?

ሞዴል ከመሥራታችን በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ ሾፌሩ በድንገት ሲነሳ ወደ ኋላ የሚገፋችሁ ማን ነው? ማንም አይደለም። እግራችሁ ከወለሉ ጋር ሄደ፣ ሰውነታችሁ በነበረበት ሊቀር ፈለገ። ሕንፃም እንደዚያው ነው፤ መሠረቱ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል፣ ላዩ ይቀራል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ምሰሶ ይጎተታል። ይህ ካልገባቸው የቀረው ሁሉ ሽምደዳ ስለሚሆን እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ከወፍራም ካርቶን 10፣ 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ሦስት ቀጭን ቁራጮች ቆርጣችሁ ሰሌዳው ላይ አቁሙ። አናታቸው ላይ እኩል የሆነ የጭቃ እንክብል ለጥፉ። በቀስታ ስትነቀንቁ ረጅሙ ብቻ ይደንሳል፣ አጭሩ ዝም ይላል። ምቱን ስታፈጥኑ ረጅሙ ይረጋና አጭሩ ያብዳል። ክፍሉ ውስጥ «እንዴ!» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የሜክሲኮ ሲቲን ታሪክ የማወራው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 መጠኑ 8 የደረሰው መንቀጥቀጥ የተነሳው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በፓሲፊክ ዳርቻ ነበር። ነገር ግን የከተማዋ ትልቁ ክፍል የቆመው ጥንት ሐይቅ በነበረ ለስላሳ ሸክላ ላይ ነው። ያ ሸክላ በየሁለት ሰከንዱ ገደማ እየተወዛወዘ ማዕበሉን አጎላው። ክፉኛ የተጎዱት በአብዛኛው ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ነበሩ። ብዙ አጫጭር የድሮ ቤቶች ተርፈዋል፤ ባለ 44 ፎቁ ቶሬ ላቲኖአሜሪካናም ቆሟል።

ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ይይዛችኋል። መሐንዲሶች በግርድፉ ሲገምቱ የፎቁን ቁጥር ለ10 ያካፍሉና የአንዱን ውዝዋዜ ጊዜ በሰከንድ ያገኛሉ። ባለ 10 ፎቅ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ታዲያ ሸክላው በሁለት ሰከንድ ከተወዛወዘ መጎዳት የነበረበት ባለ 20 ፎቁ አይደለም? መልሱ የሚያምር ነው፦ ሕንፃ ሲሰነጠቅ ይላላል፣ ሲላላ ውዝዋዜው ይዘገያል። ባለ 10 ፎቁ በአንድ ሰከንድ ጀምሮ በተጎዳ ቁጥር ወደ ሸክላው ምት ተጠጋ። ጉዳቱ ራሱ ሌላ ጉዳት ጋበዘ ማለት ነው።

አራት ማዕዘን፣ ግድግዳ፣ ባዶ ምድር ቤት

አራት ስንጥሮችን ጫፍና ጫፋቸውን በአንድ አንድ ስፒል አያይዛችሁ ካሬ ሥሩና ለልጆቹ ስጡ። አንድ ጣት ሲነካው ይጋደማል። በሦስት ስንጥር የተሠራው ሦስት ማዕዘን ግን ቢገፉት ቅርጹን አይለቅም። ካሬው ላይ አንድ ሰያፍ ስንጥር ሲጨምሩ ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ይቆማል። በስንጥሩ ፈንታ ክር ብታደርጉበት ክር ሲሳብ እንጂ ሲገፋ ስለማይሠራ ሁለት ክር ማጠላለፍ ግድ ነው። ካሬውን በካርቶን ብትሸፍኑትም ያው ሥራ ይሠራል፤ ግድግዳ ማለት ያ ነው። ይህ ሁሉ 20 ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ ባለ ሦስት ፎቅ ሞዴል አሠሯቸው፤ ላይኞቹ ሁለት ፎቆች በካርቶን ግድግዳ ይሸፈኑ፣ ምድር ቤቱ ባዶ ምሰሶ ብቻ ይሁን። ሱቅ ወይም መኪና ማቆሚያ ያለበት ሕንፃ ይህን ይመስላል። ክበቡን የት ያደርጋሉ? ብዙዎቹ አናቱ ላይ ያደርጋሉ፤ ከፍ ያለው የሚወድቅ ይመስላቸዋል። ሲነቀነቅ ግን ላይኞቹ ሁለት ፎቆች እንደ አንድ ሣጥን ተያይዘው ይሄዳሉ፣ መጣመሙ ሁሉ ምድር ቤቱ ምሰሶዎች ላይ ይከመራል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1994 በካሊፎርኒያ ኖርዝሪጅ በአንድ መኖሪያ ሕንፃ ብቻ 16 ሰዎች የሞቱት የታችኛው ፎቅ ስለተደፈጠጠ ነው። ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ከንጋቱ 11:46 የጃፓኗ ኮቤ ተመታች። እዚያ ደግሞ የከተማው አስተዳደር አንዱ ሕንፃ የተደፈጠጠው ታች ሳይሆን 6ኛ ፎቁ ላይ ነበር። ስለዚህ ለልጆቹ «ምድር ቤት ደካማ ነው» ብላችሁ አታስተምሩ። ጥንካሬው በድንገት የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጉ በሏቸው።

ግድግዳው በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ሕንፃው እንደሚጠመዘዝም በዚያው ሞዴል አሳዩ፤ ሁለት ካርቶን አንስቶ እንደገና መነቅነቅ ነው።

አጭሩ ምሰሶ

ይህን በእርጋታ አስተምሩት፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የክፍል መስኮት ሥር ግማሽ ግድግዳ ይሠራል፣ ግድግዳው በሁለት ምሰሶዎች መካከል ተጣብቆ ይቆማል። ምሰሶው ሦስት ሜትር ቢሆንም መወዛወዝ የሚችለው ከግድግዳው በላይ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው።

ማስመሪያ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስይዙና 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። ጫፉ ላይ የቁልፍ እስር አንጠልጥላችሁ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ለኩ። አሁን 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ አውጡና ያንኑ ቁልፍ አንጠልጥሉ። ልጆቹ «ግማሽ ይሆናል» ይላሉ። ስምንተኛው ነው። ቁመት በግማሽ ሲቀንስ ግትርነት ስምንት እጥፍ ይጨምራል። አንድ ፎቅ ላይ ያሉ ምሰሶዎች ሁሉ እኩል እንዲንቀሳቀሱ ስለሚገደዱ ግትሩ ምሰሶ ከድርሻው በላይ ይሸከማል፣ ከዚያም በሰያፍ ይሰነጠቃል። ያን ግማሽ ግድግዳ ምንም ይጎዳል ብሎ የሠራው ሰው የለም። መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው፤ በግድግዳውና በምሰሶው መካከል ክፍተት መተው ወይም ምሰሶውን ለዚያ ኃይል አስቦ መሥራት።

ይህን የተማረ ክፍል ዞር ብሎ የራሱን መስኮት ያያል። ጥያቄው ወዲያው ይመጣባችኋል፤ ስለሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

መጋጠሚያውና ስታፋው

ከአምስቱ ክፍለ ጊዜ ሁለቱን ለዚህ ስጡ። ብዙ መመሪያ ሰያፍና ግድግዳ አሳይቶ ያበቃል፤ በአርማታ ሕንፃ ግን ሰው የሚተርፈውም የሚጠፋውም መጋጠሚያው ውስጥ ባለችው ቀጭን ብረት ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጠመኔና አንድ የወረቀት ክሊፕ ስጡ። ጠመኔው ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ይላል። ክሊፑን ግን ያጥፉት፣ ያቃኑት፣ ደግመው ያጥፉት። ስድስት ሰባት ጊዜ ፈጠን ብለው ካጠፉት በኋላ የታጠፈበትን ቦታ ከንፈራቸው ላይ እንዲያስነኩ ንገሯቸው። ይሞቃል። የመንቀጥቀጡ ጉልበት የሚሄደው እዚያ ነው፤ ብረቱ እየተለመጠ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አርማታ ማለት ጠመኔና ክሊፕ አብረው ሲኖሩ ነው፤ የኛ ሥራ ጠመኔው ቀድሞ እንዳይበተን ማድረግ ነው።

ለዚህ ሦስት የወረቀት ቱቦ ጠቅልላችሁ ደረቅ አሸዋ ሙሉባቸው። የመጀመሪያውን እንዲሁ ተዉት። ሁለተኛውን በየ4 ሳንቲ ሜትሩ በክር እሰሩ፣ ሦስተኛውን በየ1 ሳንቲ ሜትሩ። እያንዳንዱ ላይ መጽሐፍ እየደረባችሁ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ቶሎ ይተረተራል። ሁለተኛው ከመፈንዳቱ በፊት በሁለቱ ክሮች መካከል ሆዱ ይነፋል፤ ልጆቹ ጎንበስ ብለው ይህን ሆድ እንዲያዩት አድርጉ፣ የጉዳት ፎቶ ላይ ምሰሶ አብጦ የሚታየው እንዲህ ነውና። ሦስተኛው የሚሸከመው መጽሐፍ ያስገርማችኋል። አሸዋው ያው ነው፤ የተለየው ማሰሪያው ነው። ግንበኞች ስታፋ የሚሉት የምሰሶው ቀለበት ይህን ክር ነው፣ ምሰሶው ከቢሙ (ከአግድሙ ተሸካሚ) የሚጋጠምበት ጫፍ ላይም ተቀራርቦ መታሰር አለበት።

የስታፋው ጫፍ አጠፋፍም ቀላል ነገር አይደለም። አራት ስንጥር እንደ ፌሮ አቁማችሁ በለስላሳ ሽቦ ሁለት ቀለበት አድርጉባቸው። የአንዱ ጫፍ በ90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ የሌላው በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ ገብቶ ስንጥሩን ይቀፍ። ውስጡንም ውጩንም በጭቃ ሙሉና አድርቁ። ከዚያ የውጩን ጭቃ አራግፉ፤ በብርቱ መንቀጥቀጥ የምሰሶው ልብስ እንዲሁ ይራገፋል። አምና አንድ ልጅ ባለ 90ውን ጫፍ በጥፍሩ ገፋ ሲያደርገው ተከፈተ። ባለ 135ቱን ገፋው፣ ሳበው፣ አልተከፈተም፤ ጫፉ ውስጥ ባለው ጭቃ ተይዟል። ልጁ ሁለቱን እያፈራረቀ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ «45 ዲግሪ ብቻ?» አለ። አዎ፣ ልዩነቱ ያ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ የግንባታ ደንቦች 135 ዲግሪውን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ብረት አጣፊው ግን ለማጠፍ ስለሚያስቸግር ሊዘለው ይችላል፣ ከተሞላ በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም።

ምን ይሰበር?

ከዚህ በኋላ ክፍሉን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ በጣም ብርቱ መንቀጥቀጥ መጥቶ የግድ አንድ ነገር መጎዳት ካለበት እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ፣ ምሰሶውን ወይስ ቢሙን? አብዛኞቹ «ምንም አይጎዳ» ይላሉ። ያን ያህል ጠንካራ አድርጎ ሁሉንም ቤት መሥራት አይቻልም። ይከራከሩ። ቢም ጫፉ ላይ ቢለመጥ ሶሌታው (የወለሉ አርማታ) ይዘምማል፣ ሰው ግን ይወጣል። ምሰሶ ከሄደ ከላዩ ያለው ሁሉ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ምሰሶው ከቢሙ እንዲጠነክር ይደረጋል፣ መለመጡም ቢሙ ጫፍ ላይ እንዲሆን አስቀድሞ ይታቀዳል። ቀይ ክበቡ በመሐንዲሱ እጅ ሲሆን ግምት መሆኑ ይቀራል፤ ቦታውን የሚመርጠው እሱ ነው። ደንቡም የሚፈልገው ሕንፃው ቢሰነጠቅ እንኳ ሰው በሕይወት እንዲወጣ ነው።

ይህ በቁጥር እንዲታያቸው 2010 እ.ኤ.አ.ን አነሳለሁ። በጃንዋሪ ሄይቲ በ7.0፣ በፌብሩዋሪ ቺሊ በ8.8 ተመቱ። የአንድ ደረጃ ልዩነት 32 እጥፍ ገደማ ጉልበት ስለሆነ የቺሊው 500 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በቺሊ የሞቱት ከ500 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው፣ በሄይቲ ግን ከ100 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ለልጆቹ ፍትሐዊ ሁኑ፤ የሄይቲው የተነሳው ከዋና ከተማዋ አጠገብ ነበር፣ የቺሊው ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ። ያም ሆኖ ቺሊ ለዓመታት ያስከበረችው የግንባታ ደንብ ብዙ ነፍስ አትርፏል።

ላስቲክ፣ ኳስና ረግረግ

ሕንፃን ከመሬት የሚለዩ የላስቲክና የእርሳስ ብረት ትራሶች፣ ኒውዚላንዳዊው መሐንዲስ ቢል ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈለሰፋቸው፣ ልጆችን ያስደምማሉ። በታይዋኑ ረጅም ሕንፃ ታይፔይ 101 ውስጥ ውዝዋዜውን እንዲያረግብ የተንጠለጠለው 660 ቶን ኳስም እንዲሁ። እኔ እነዚህን መጨረሻ ላይ በአጭሩ ነው የማሳየው፤ ቀድመው ካዩዋቸው ስታፋ ማሰር ተራ ነገር ይሆንባቸዋል። የአፈሩን ነገር ለማሳየት እርጥብ አሸዋ በጎድጓዳ ዕቃ ሙሉ፣ ድንጋይ አስቀምጡበት፣ ጎኑን ደጋግማችሁ መታ መታ አድርጉ። ድንጋዩ ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 በጃፓን ኒጋታ አፈሩ እንዲህ ሆኖ መኖሪያ ሕንፃዎች ሳይሰበሩ በጎናቸው ተጋድመዋል።

የራሳቸውን ሕንፃ ሲያዩ

በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ወረቀት ይዘው ትምህርት ቤቱን ይዞራሉ። ምሰሶ የት እንዳለ፣ ግማሽ ግድግዳ የት እንደሚነካው፣ ያልታሰረ ቁምሣጥን ከየትኛው ወንበር በላይ እንዳለ ይሥላሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ «ይህ ሕንፃ አደገኛ ነው» ብሎ መጻፍ አይቻልም። በሽፋኑ ውስጥ ስንት ስታፋ እንዳለ ማናችንም አናይም። የሚጻፈው ለመሐንዲስ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። «በዚህ ምሰሶና በግማሽ ግድግዳው መካከል ክፍተት ተትቷል?» ዓይነት። ጥያቄዎቹን ሰብስባችሁ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ስጡ፣ መልስ ሲመጣም ለልጆቹ አንብቡላቸው። ቁምሣጥኑን ግን ማንንም ሳትጠብቁ በዚያው ሳምንት ግድግዳው ላይ አሳስሩት።

የተሰበሩትን መጋጠሚያዎች አትጣሉ። እኔ ከነቀይ ክበባቸውና ከነጻፉት ምክንያት በካርቶን ሣጥን አስቀምጣቸዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚጀመረው ሣጥኑን ከፍቶ፣ ምክንያቱን በወረቀት ሸፍኖ፣ ለአዲሶቹ ልጆች በመስጠት ነው፦ ይህ ለምን ከዚህ ተሰበረ?